ኪኒኑ ቀድሞ ደረሰ፣ ምርመራው ዘገየ

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሕክምና ክሊኒክ ተራ ከሚጠብቁት መካከል ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ (ሲኤምኤል) የተባለው የደም ካንሰር ያለባቸውን በመልክ መለየት ያስቸግራል። አስተማሪ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ገበሬ አለ፣ ልጇን አዝላ የመጣች እናት አለች። በሽታው ሲገኝባቸው ብዙዎቹ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸውን ሞልቶት፣ የሌሊት ላብና ድካም አዳክሟቸው፣ ሰውነታቸው ከስቶ ነበር። ዛሬ በእግራቸው መጥተው መድኃኒታቸውን ይቀበሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ለዚህ ያበቃቸው ኢማቲኒብ የሚባል፣ በቀን አንድ ጊዜ ከምግብ ጋር የሚዋጥ መድኃኒት ነው።

ይሁን እንጂ የሕመምተኛው ፊት መፍካት፣ የጣፊያው መሟሸሽና የተራው ደም ቆጠራ መስተካከል በሽታው በቁጥጥር ሥር መዋሉን አያረጋግጡም። ቆጠራው ፍጹም ደህና በሆነ ሰው ደም ውስጥ የካንሰሩ ሴሎች በብዛት ተደብቀው ሊቆዩ፣ መድኃኒቱንም ቀስ በቀስ ሊላመዱት ይችላሉ። ይህን ቀድሞ የሚያሳውቀው ሞለኪውላዊ ምርመራ ነው። ምርመራው በየሦስት ወሩ እየተሠራ ውጤቱን የሚረዳ ሰው ካነበበው ሐኪሙ አደጋው ሳይደርስ መንገድ ይለውጣል። ካልተሠራ፣ ወይም ተሠርቶ ትርጉሙን የሚያውቅ ከጠፋ፣ ሕመምተኛውም ሐኪሙም በጭፍን ይጓዛሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ምርመራ ነው፤ ይበልጡንም ምርመራውን የሚሠሩትና ውጤቱን የሚተረጉሙት ሰዎች ናቸው። መድኃኒቱ በልገሳ ተገኝቷል፣ ማሽኑም በግዥ ይመጣል። ባለሙያው ግን ከማስተማር በቀር የሚገኝበት ሌላ መንገድ የለም። አገራችን የሚገባውን ያህል ትኩረት ያልሰጠችውም ለዚሁ ነው።

ከፊላደልፊያ እስከ ጥቁር አንበሳ

እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ የዚህን ካንሰር ሕሙማን ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከተለመደው ያጠረ አንድ ክሮሞሶም አገኙ። በከተማዋ ስም «የፊላደልፊያ ክሮሞሶም» ተባለ። ለምን እንዳጠረ የታወቀው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሐኪም ጃኔት ራውሊ የክሮሞሶሞችን ፎቶግራፍ እየቆረጡ በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲደረድሩ፣ ክሮሞሶም 22 ያጣው ቁራጭ ክሮሞሶም 9 ላይ መገኘቱን አስተዋሉ። ሁለቱ ክሮሞሶሞች ቁራጭ ተለዋውጠው ነበር። በዚህ ልውውጥ ቢሲአር እና ኤብል የተባሉ ሁለት ዘረመሎች ተጣብቀው አንድ እንግዳ ዘረመል ይፈጠራል። ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነጭ የደም ሴሎች ያለ ማቋረጥ እንዲባዙ ያዛል። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ የሆነው የነጭ ሴል ቁጥር በእነዚህ ሕሙማን ላይ ከ100,000 በላይ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው።

ኢማቲኒብ የተሠራው ይህን ፕሮቲን ለይቶ እንዲያግድ ነው። በኦሪገን የሚሠሩት ሐኪም ብራያን ድሩከር እ.ኤ.አ. በ1998 በመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ላይ ሙከራውን አስጀመሩ፤ በግንቦት 2001 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቀደው። አይሪስ የተባለውና 1,106 ሕሙማን የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት ከአሥር ዓመት ክትትል በኋላ ያወጣው ውጤት፣ ሕክምናቸውን በኢማቲኒብ ከጀመሩት ውስጥ 83 ከመቶ ያህሉ በሕይወት መኖራቸውን አሳይቷል። ከዚያ በፊት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል የነበረ በሽታ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት አብረውት የሚኖሩት ሆነ።

መድኃኒቱ እጅግ ውድ ነበር። አምራቹ ኖቫርቲስ እ.ኤ.አ. በ2002 ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ጂፓፕ የተባለውን የልገሳ መርሐ ግብር ሲጀምር ግን ለድሃ አገሮች ሕሙማን በር ተከፈተ። የኢትዮጵያ ሕሙማንም በጥቁር አንበሳ በኩል የዚህ ተጠቃሚ ሆኑ። ቀድሞ እጃቸው ላይ የነበረው ሃይድሮክሲዩሪያ የነጭ ሴሎቹን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ የበሽታውን ሥር አይነካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ኢማቲኒብን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ምርመራው ግን ከመድኃኒቱ እኩል አልተጓዘም። ወደ መርሐ ግብሩ ለመግባት በሽታው በዘረመል መረጋገጥ ስለነበረበት የመጀመሪያው ናሙና እንደምንም ውጭ አገር ተልኮ ይመረመር ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ለረጅም ጊዜ በተራ የደም ቆጠራና ጣፊያን በእጅ በመዳሰስ ላይ የተመሠረተ ነበር። አቅም ያለው በግል ላቦራቶሪ በኩል ናሙናውን በአውሮፕላን ያስልክ፣ የሌለው ሳያስመረምር ይቀር ነበር።

ይህ ለእኛ የሚብስበት ምክንያት አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው በአብዛኛው የሚገኘው ወደ 60 ዓመት በተጠጉና ከዚያ ባለፉ ሰዎች ላይ ነው። በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የወጡ ጥናቶች ግን ሕሙማኑ በአብዛኛው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ እንዳሉ ያሳያሉ። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ፣ ገና መውለድ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ኢማቲኒብ በእርግዝና ወቅት አይመከርም። በሽታቸው ለዓመታት በጥልቅ ተዳክሞ የቆየ ሕሙማን በቅርብ ክትትል መድኃኒቱን ማቆም እንደሚችሉ፣ ካቆሙትም ግማሽ ያህሉ በሽታው ሳይመለስባቸው እንደሚቆዩ በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ለዚህ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ምርመራው በየወሩ መሠራት አለበት። ልጅ ለመውለድ የምትፈልግ የ28 ዓመት ሴት «ዶክተር፣ ማቆም እችላለሁ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ቁጥሩ በእጁ የሌለ ሐኪም ሊመልስላት አይችልም።

አንድ ቲዩብ ደም የሚያልፍበት መንገድ

ምርመራው የሚጀምረው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ከተቀዳ ደም ነው። ስህተትም እዚያው ሊጀምር ይችላል። በአረንጓዴ ክዳኑ የሄፓሪን ቲዩብ የተቀዳ ደም ለሌላ ምርመራ ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን አይሆንም፤ ሄፓሪን ፒሲአር የተባለውን ዘረመል የማባዛት ሥራ ያግዳል። ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው። የሚፈለገው ዲኤንኤ ሳይሆን አርኤንኤ ነው፤ ማለትም እንግዳው ዘረመል በሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳየው መልእክት። አርኤንኤ ቶሎ ይፈርሳል። የሚያፈርሱት ኤንዛይሞች በቆዳችን፣ በላባችን፣ በጠረጴዛው ላይ ሁሉ አሉ። ከጅማ ወይም ከጎንደር ተልኮ አውቶቡስ መናኸሪያ ሙቀት ውስጥ የዋለና ያደረ ደም ላቦራቶሪ ሲደርስ ቀይ ደም ነው፤ ውስጡ ያለው መልእክት ግን ተበጣጥሶ ሊሆን ይችላል።

ናሙናው በደህና ከደረሰ ባለሙያው ቀይ ሴሎቹን አፍርሶ ነጮቹን ይለያል፣ አርኤንኤውን ያወጣል፣ ወደ ዲኤንኤ ቅጂ ይመልሰዋል። ከዚያ ፒሲአር ይሠራል። በእያንዳንዱ ዙር የሚፈለገው ቁራጭ በእጥፍ ስለሚባዛ አንድ ቅጂ ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። የምርመራው ኃይል ከዚህ ይመነጫል፤ ትልቁ አደጋውም ይኸው ነው። ቀደም ሲል ከተባዛ ናሙና ያመለጠ፣ በዓይን የማይታይ ጠብታ ወደ ሌላ ሰው ቲዩብ ከገባ የዳነው ታማሚ ይመስላል። ለዚህ ነው በደንብ የተደራጀ ላቦራቶሪ ሪኤጀንት የሚዘጋጅበትን፣ ናሙና የሚጨመርበትንና የተባዛው ውጤት የሚቀመጥበትን ክፍል የሚለየው። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከመጨረሻው ክፍል የወጣ ሰው ጋዋኑንና ጓንቱን ሳይለውጥ ወደ መጀመሪያው አይመለስም።

በማሽኑ ስክሪን ላይ የሚታየው መስመር ነው። መስመሩ ለተወሰኑ ዙሮች መሬት ይዞ ይቆይና ድንገት ሽቅብ ይወጣል። በ18ኛው ዙር የተነሣ መስመር በሽታው ብዙ መሆኑን፣ በ32ኛው የተነሣ ደግሞ ጥቂት መሆኑን ያመለክታል። ከሦስት ዙር በጥቂቱ የሚበልጥ ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ንጹሕ ውሃ ብቻ የተጨመረበት ቲዩብ መስመር መሬት እንደያዘ መቅረት አለበት። እሱ ሽቅብ ከወጣ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል። ሕሙማኑ ውጤታቸውን እየጠበቁ፣ ሪኤጀንቱም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ መሆኑን እያወቁ ሁሉንም መጣል ቀላል አይደለም። የባለሙያው ሥነ ምግባር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

አሁን ሁለት ውጤቶችን ጎን ለጎን እንይ። የአንዱ ሕመምተኛ ናሙና 12 የቢሲአር-ኤብል ቅጂ አሳየ እንበል። በዚያው ናሙና በሁሉም ሰው ሴል ውስጥ የሚገኘው ኤብል ዘረመል 24,000 ቅጂ ተቆጠረ። አሥራ ሁለት ለ24,000 ሲካፈል 0.05 ከመቶ ይሆናል። የላቦራቶሪው ማስተካከያ ቁጥር 0.8 ከሆነ ውጤቱ 0.04 ከመቶ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ከ0.1 ከመቶ በታች የወረደ ሕመምተኛ መድኃኒቱ በጥሩ ሁኔታ እየሠራለት ነው።

የሁለተኛው ሕመምተኛ ናሙና ምንም የቢሲአር-ኤብል ቅጂ አላሳየም፤ ዜሮ ነው። ለዓይን ከመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል። ኤብሉ ሲታይ ግን 900 ብቻ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ቢያንስ 10,000 ካላገኙ ውጤቱን አይቀበሉም። ናሙናው ፈርሷል ወይም ሴሎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ያልተገኘውም ሊገኝበት የሚችል ነገር ስላልነበረ ነው። ይህ ሕመምተኛ «የለብህም» ተብሎ ቢሸኝ ዜናው ሐሰት ይሆናል። ትክክለኛው መልስ «ናሙናው አይበቃም፣ ደም እንደገና ይቀዳ» የሚል ነው። አንድ ማሽን ሁለቱንም ቁጥሮች እኩል ያትማቸዋል፤ የሚለያቸው ኤብሉን ፈልጎ የሚያይ ሰው ነው።

ማስተካከያ ቁጥሩም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በራሱ ዘዴ ሲለካ ነገሩ ቁናው በየገበያው እንደሚለያይበት አገር ነበር፤ የአዲስ አበባው ሁለት ከመቶ ከለንደኑ ሁለት ከመቶ ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2005 ባለሙያዎች በአሜሪካ ቤቴዝዳ ተሰብስበው አንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ። መነሻው በአይሪስ ጥናት ውስጥ የነበሩ 30 ሕሙማን ከሕክምና በፊት የነበራቸው አማካይ መጠን ሆነ፤ እሱ 100 ተባለ፣ ከእሱ በሺህ እጥፍ የቀነሰው ደግሞ 0.1 ሆነ። ላቦራቶሪዎች እንደ አውስትራሊያው አደላይድ ካሉ ማመሳከሪያ ላቦራቶሪዎች ጋር ናሙና እየተለዋወጡ የየራሳቸውን ማስተካከያ ቁጥር አገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 የመጀመሪያውን ማመሳከሪያ ናሙና አጸደቀ። ይህን ሰንሰለት ያልተከተለ ላቦራቶሪ የሚሰጠው ቁጥር የትም ቦታ ካሉት መመዘኛዎች ጋር አይነጻጸርም።

መመዘኛዎቹ በግልጽ ተቀምጠዋል። ሕክምና ከተጀመረ ሦስት ወር ላይ ቁጥሩ ከ10 ከመቶ፣ ስድስት ወር ላይ ከ1 ከመቶ፣ ዓመት ላይ ከ0.1 ከመቶ መብለጥ የለበትም። ስድስት ወር ሞልቶት ከ10 ከመቶ በላይ የሆነ ሕመምተኛ ሕክምናው እንዳልሠራለት ይቆጠራል። አንድ ጊዜ የተወሰደ ቁጥር ብዙም አይናገርም፤ ትርጉሙ ከአካሄዱ ነው። ከ0.03 ወደ 0.05 የወጣ ቁጥር የመለኪያው ተራ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ከ0.03 ወደ 0.9 የዘለለ ግን ወዲያው ሊጤን ይገባል።

ሲጨምር ምን ይጠየቃል?

ቁጥሩ ሲጨምር የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ነው። በለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት በ87 ሕሙማን የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ላይ መቼ እንደተከፈተ የሚመዘግብ ቺፕ አድርጎ ተከታተላቸው። ከታዘዘላቸው 80 ከመቶና ከዚያ በታች ብቻ ከወሰዱት ውስጥ ጥሩ ሞለኪውላዊ ውጤት ያገኘ አልነበረም። በእኛ አገር መድኃኒት የሚቋረጥበት መንገድ ብዙ ነው። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል። ጾም ሲገባ ኪኒን የሚተው አለ፤ መድኃኒቱ በቀን አንድ ጊዜ ስለሚዋጥ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ከማዕድ ጋር መውሰድ እንደሚቻል የነገረው ሰው የለም። ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን እንዲያቆም ሲነገረው ይሰማል። በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ይህ ችግር ገጥሞን ነበር፤ ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጸበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ማስተማራቸው ብዙዎችን ረድቷል። የደም ካንሰር ሕሙማንም ይህ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሌሎች መድኃኒቶች ነው። ቲቢ የያዘው ሕመምተኛ ሪፋምፒሲን ይጀምራል። ሪፋምፒሲን ጉበት ኢማቲኒብን በፍጥነት እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ በደም ውስጥ ያለው የኢማቲኒብ መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ሕመምተኛው አንድ ቀን ሳያጓድል እየዋጠ ቁጥሩ ይጨምራል። ይህን ያላወቀ ሐኪም «አልወሰድክም» ብሎ ሊወቅሰው፣ ወይም በሽታው መድኃኒቱን ተላመደ ብሎ ሊደመድም ይችላል። ቲቢ በሰፊው ባለበት አገር የሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያና ሐኪም ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ውጤት መተርጎም የለባቸውም።

ሦስተኛው በራሱ በኤብል ዘረመል ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። ቲ315አይ የተባለው ለውጥ ያለበት ካንሰር ለኢማቲኒብም ከእሱ በኋላ ለመጡት ለአብዛኞቹ መድኃኒቶችም አይበገርም። ይህን ለማወቅ ሌላ፣ የዘረመሉን ቅደም ተከተል የሚያነብ ምርመራ ይጠይቃል። ውድ የሆነውን ይህን ምርመራ ለማን ማዘዝ እንደሚገባ የሚለየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በትክክል የመለሰ ባለሙያ ነው።

ማሽን አለን

እውነቱን ለመናገር፣ ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ባዶ እጇን አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ለቲቢ ምርመራ ያጸደቀው ጂንኤክስፐርት ዛሬ በአገሪቱ በብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ይሠራል። ይኸው ማሽን የአክታውን ካርትሪጅ አውጥቶ የቢሲአር-ኤብል ካርትሪጅ ቢገባበት በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ በዓለም አቀፉ መለኪያ የተስተካከለ ቁጥር ይሰጣል። ማውጣቱም ማባዛቱም በተዘጋው ካርትሪጅ ውስጥ ስለሚያልቅ የብክለት አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።

ኮቪድም ሌላ መሠረት ጥሎልናል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር የሚመረመረው። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን በአገር ውስጥ ጀመረ፤ በወራት ውስጥም የክልልና የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ፒሲአር መሥራት ጀመሩ። ያን ጊዜ በሌሊት ፈረቃ ፒፔት የያዙ ወጣት ባለሙያዎች አርኤንኤ ማውጣትንና የፒሲአር መስመር ማንበብን በሥራ ላይ ተምረዋል። ይህ እውቀት እንዳይበተን ማድረግ ከአዲስ ማሽን ግዥ ይቀድማል።

ሆኖም ካርትሪጁ ሁሉን አይፈታም። ለሲኤምኤል የተሠራው ካርትሪጅ የሚያየው በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ የሚገኘውን ፒ210 የተባለ ዓይነት ነው። ጥቂት ሕሙማን ፒ190 ወይም ፒ230 የተባሉ ሌሎች ዓይነቶች አሏቸው። እነሱ በዚህ ካርትሪጅ ብቻ ከተመረመሩ ደማቸው በካንሰሩ ተሞልቶ ውጤቱ «አልተገኘም» ይላል። ነጭ ሴሉ 200,000፣ ጣፊያው እምብርት ያለፈ ሕመምተኛ እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ ሲመጣ የሠለጠነ ሰው ማሽኑን አምኖ አይቀመጥም፤ ሌላ ምርመራ ያዛል። ደሙንም ወደ ካርትሪጁ ከመጨመር በፊት በመጠን ለክቶ ከኬሚካሎቹ ጋር በሥርዓቱ ማደባለቅ የእጅ ሥራ ነው።

ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት ያለው ንቃትም የትምህርቱ አካል ነው። ከመተማ ወይም ከሁመራ ቆላ የመጣ ወጣት ጣፊያው ሲያብጥ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካላዛርንና ወባን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ካላዛር ግን ነጭ ሴልን ያሳንሳል፣ ሲኤምኤል ያበዛል። በወረዳ ሆስፒታል የሚሠራ ተራ የደም ቆጠራ ይህን ሊለይ ይችላል፤ በቆጠራው የደነገጠ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የደሙን ስላይድ በማይክሮስኮፕ አይቶ ለሐኪሙ ስልክ ቢደውል ሕመምተኛው ወራት ይተርፉለታል።

ከሲኤምኤል ባሻገር

ይህን ምርመራ የተማረ እጅ ሌላውንም መሥራት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጃክ2 በተባለ ዘረመል ላይ አንድ ለውጥ ተገኘ። ቀይ የደም ሴል ከልክ በላይ በሚበዛበት ፖሊሳይቴሚያ ቬራ በተባለ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች 95 ከመቶ ያህሉ ላይ ይህ ለውጥ አለ። በደጋ አገር ሄሞግሎቢኑ ከፍ ያለ ሰው ሲመጣ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። በኋላ በባሌ ደጋ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን አግኝቷል። ስለዚህ ደጋ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለሰሜን ሰው ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን ምክንያቱ ከፍታ ነው ብሎ መተው በጭንቅላቱ ደም ሥር ሊረጋ የሚችለውን ደም ችላ ማለት ነው። የውጭ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያውቅም። የአገራችንን ደም የሚያውቅ የአገራችን ባለሙያ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ሰዓት የማይሰጥ በሽታም አለ። አኪዩት ፕሮማይሎሲቲክ ሉኬሚያ የተባለው ካንሰር በመድማት በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ከቫይታሚን ኤ በሚሠራ መድኃኒትና በአርሴኒክ አብዛኛው ሕመምተኛ ይድናል። ሕክምናው በጥርጣሬ ይጀመራል፤ የሚያረጋግጠው ፒኤምኤል-ራራ የተባለውን ጥምር ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ ነው። ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ በሳምንታት ውስጥ የሚመለስ ውጤት ለዚህ ሕመምተኛ ምንም አይጠቅመውም።

መማር ማለት ምን ማለት ነው?

በአዲስ አበባና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በደም ሳይንስ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በማስተርስ ይሠለጥናሉ። በጥቁር አንበሳም ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የደም ሐኪሞች ሠልጥነዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሞለኪውላዊ ምርመራ በንድፈ ሐሳብና በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይጨበጥም። ተማሪው ደጋግሞ ራሱ መሥራት፣ የተበላሸ ውጤት ማየት፣ ለምን እንደተበላሸ መፈለግ አለበት። ያልታወቀ ናሙና ተልኮለት ውጤቱ ከሌሎች አገሮች ላቦራቶሪዎች ጋር የሚነጻጸርበት የጥራት ፈተና በየጊዜው መውሰድ አለበት። ከሁሉም በላይ ከሐኪሙ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ውጤቱን ከሕመምተኛው ታሪክ ጋር ማየት ያስፈልገዋል። ላቦራቶሪው ቁጥር ልኮ ዝም ካለ፣ ሐኪሙም ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ካልጠየቀ፣ ሁለቱም ሥራቸውን ግማሽ ሠርተዋል።

ሠልጥኖ የመጣ ባለሙያ ወደ ሌላ ክፍል ሲመደብ ወይም ኑሮ ከብዶት ሲሄድ ለሥልጠናው የወጣው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። የዚህ ሙያ ባለቤት በደሞዝ ደረጃው፣ በሥራ መደቡና በዕድገቱ የሚለይበት አሠራር ሊኖር ይገባል። በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ምርመራ ያ ሰው በታመመ ቀን የለም።

ናሙና የሚጓዝበትም መንገድ ተጠርጓል። የቲቢና የኤችአይቪ ናሙናዎች በኢትዮጵያ ፖስታ በኩል ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ ይጓዛሉ። በኤችአይቪ ከተያዙ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ደምም በወረቀት ላይ ደርቆ ሲላክ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሲያትል ፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ማዕከል ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በወረቀት ላይ ከደረቀ ደም ቢሲአር-ኤብልን መለካት እንደሚቻል አሳይተዋል። ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደር፣ መቀሌና ሐሮማያ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ጂንኤክስፐርታቸውን ለዚህ ሥራ ቢከፍቱ፣ አዲስ አበባ ደግሞ አሻሚውን የሚፈታ ማመሳከሪያ ላቦራቶሪ ቢኖራት፣ ሕመምተኛ ለአንድ ቲዩብ ደም ብሎ ሁለት ቀን መንገድ አይጓዝም።

ጤና ሚኒስቴርና የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ የቢሲአር-ኤብልን ካርትሪጅ በመደበኛ ግዥያቸው ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል። የጤና መድን ለየሦስት ወሩ ምርመራ ይክፈል። ለጋሾች መድኃኒቱን ሲሰጡ ምርመራውንና ሥልጠናውንም አብረው እንዲያስቡ ከእኛ ወገን በግልጽ ይጠየቁ። ዩኒቨርሲቲዎች ፒሲአርን ለቲቢና ለኮቪድ ብቻ ሳይሆን ለደም በሽታዎችም ያስተምሩ፤ ፈተናውም ፒፔት በያዘ እጅ ላይና በእውነተኛ ውጤት አተረጓጎም ላይ ይሁን።

በዚህ በሽታ ላይ የሰው ልጅ ያገኘው ድል ከኪኒኑ ብቻ አልመጣም፤ ኪኒኑን እየለኩ፣ ያልሠራለትን ቶሎ እየለዩ፣ የሠራለትን ደግሞ እያሳረፉ ከመሄድ ነው የመጣው። ኢትዮጵያዊው ሕመምተኛ ከዚህ ድል የደረሰው ግማሹ ነው። ቀሪው ግማሽ በገንዘብ ከሚመጣው ይልቅ በትምህርት የሚገኘው ስለሆነ፣ የማንንም ፈቃድ ሳንጠብቅ ከዛሬ ጀምረን ልንሠራው የምንችለው ነው።